የጨርጨሩ በጅሮንድ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አውራ ጎዳና አዋሽን ተሻግሮ፥ የአሰቦትን ተራራ አልፎ ሚኤሶ የደረሰ መንገደኛ፥ ከዚያ በኋላ የሐዲዱን ቆላ ትቶ ወደ ጨርጨር ደጋ መውጣት ይጀምራል። አየሩ እየቀዘቀዘ፥ ግራሩ እየሳሳ፥ የማሽላው ማሳና የጫቱ ተክል እየበዛ ሲሄድ ብዙም ሳይቆይ ከተማዪቱ ትታያለች። ዛሬ ስሟ ጭሮ ነው፤ ብዙ ሽማግሌዎች ግን እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ይህች ከተማ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ ናት። አላፊ አግዳሚው ምሳውን በልቶ፥ ለመኪናው ነዳጅ ቀድቶ፥ ጫት የሚቅመውም ጫቱን ገዝቶ ወደ ሂርናና ወደ ድሬዳዋ ሲያልፍ፥ ይህች ከተማ የተመሠረተችው ለአንድ ሐሳብ መፈተኛ እንድትሆን መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ያንን ሐሳብ ይዘው ወደ ጨርጨር የወጡት ሰው ፊታውራሪ፥ በኋላም በጅሮንድ፥ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ስለ እርሳቸው ብዙ ጊዜ የሚነገረው የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር መድረሳቸውና የ1923 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ ጸሓፊ መሆናቸው ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት የፈለግነው ሌላውን ሥራቸውን፥ ማለት የአንድን አውራጃ፥ ኋላም የአንድን መንግሥት ገቢና ወጪ በሥርዓት ለማቆም የታገሉትን ሰው ነው። ተክለ ሐዋርያት በትምህርታቸው የመድፈኛ መኮንን እንጂ የኤኮኖሚ ሊቅ አልነበሩም። ዳሩ ግን በዚያን ዘመን በአገራችን የኤኮኖሚ ትምህርት ቤት ስላልነበረ፥ የሀብትን ነገር ያሰቡት ሰዎች ሁሉ ከሌላ ሞያ የመጡ ነበሩ።

ከእነዚህም ሁሉ ቀዳሚው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነበሩ። እርሳቸው በ1878 ዓ. ም. በዓድዋ አገር ተወልደው፥ ምንኩሉ ከነበረው የስዊድን ሚሲዮን ቤት ወደ ኤውሮፓ ተሻግረው በበርሊን ሕክምና የተማሩ ናቸው። የሰውነትን በሽታ ለመመርመር የተማረው ልቡናቸው ግን ወደ አገራቸው ድህነት አዘነበለ። በመጀመሪያው ጽሑፋቸው የንጉሡ ግምጃ ቤትና የመንግሥት ግምጃ ቤት እንዲለያዩ፥ ግብርም በልክና በገንዘብ እንዲሆን መከሩ። በሁለተኛውና «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸውም የሀብት ምንጭ ሥራ መሆኑን፥ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲነግድ ዘወትር ተጎጂ መሆኑን ተነተኑ። ይህን ሁሉ ያሰቡት ደግሞ በወንበር ላይ ብቻ አልነበረም፤ የባቡር ሐዲዱ ተቆጣጣሪና የድሬዳዋ ጉምሩክ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋልና፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ዕቃ በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን በ1911 ዓ. ም. ገና በጎልማሳነታቸው ሞቱ። መጽሐፋቸውም የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ. ም. ነው። እንግዲህ ሐሳቡ በወረቀት ላይ በታተመበት ዘመን አካባቢ፥ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ ላይ ሌላ ሰው ተመሳሳዩን ነገር በምድር ላይ ሊሞክረው ተነሥቶ ነበር ማለት ነው። አንዱ ከሌላው ቀዳ ለማለት አይደለም፤ በሽታው አንድ በመሆኑ መድኃኒቱን የሚፈልጉት ሰዎች በአንድ መንገድ ላይ ተገናኙ እንጂ።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ. ም. በሸዋ በሳያደብር አካባቢ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር መጥተው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። ስለዚህ የሐረርጌ ምድር ለእርሳቸው በሹመት የተገኘ አገር ሳይሆን ያደጉበት አገር ነበር። በዓድዋ ዘመቻ ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከጌታቸው ጋር ዘምተው ጦርነቱን አዩ። ከድሉ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከነበሩት መስኮቦች ጋር ወደ ሩሲያ ሄዱ። በዚያም በአንድ መኮንን ቤተ ሰብ ውስጥ እንደ ልጅ ሆነው አድገው፥ በፒተርስቡርግ በሚካኤሎቭ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ተምረው መኮንን ሆኑ። ከዐሥር ዓመት በላይ በዚያ ኖሩ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ተክለ ሐዋርያት በሩሲያ በነበሩበት ዘመን፥ በ1896 እና በ1897 ዓ. ም.፥ ያ ታላቅ የሩሲያ መንግሥት በትንሿ በጃፓን ተሸነፈ። ከሽንፈቱም ጋር በአገሩ ውስጥ ሁከት ተነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይወዱ በግድ ምክር ቤት ለመፍቀድ ተገደዱ። በዚያ ሠራዊት ትምህርት ቤት ላደገ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ይህ ነገር ምን ትምህርት እንደሚሰጥ ለመገመት አያስቸግርም። ከሠላሳ ዓመት ያነሰ ጊዜ ካለፈ በኋላ ይኸው ሰው የአገሩን ሕገ መንግሥት ሲረቅቅ መሠረት ያደረገው የጃፓኑን የ1881 ዓ. ም. ሕገ መንግሥት ነበር። ሌሎችም የዘመኑ ምሁራን ጃፓንን በአድናቆት ያነሡ ነበር፤ ገብረ ሕይወትም ከእነዚሁ አንዱ ናቸው። ነገር ግን ጃፓንን በተሸናፊው ወገን ቤት ሆኖ ያያት ኢትዮጵያዊ ከተክለ ሐዋርያት ሌላ ማን እንደ ነበረ እኛ አናስታውስም።

ወደ አገራቸው ከተመለሱም በኋላ ዳግመኛ ወደ ኤውሮፓ ሄደው የእርሻ ነገር ተማሩ። መድፍ የተማረ ሰው ወደ ሞፈርና ቀንበር ዘወር ማለቱ ብዙዎችን አስደንቆ ይሆናል። በኋላ ዘመን ሕይወታቸውን ያቆየላቸው ግን መድፉ ሳይሆን እርሻው ነው።

በአዲስ አበባ ያገኙት የቤተ መንግሥት ኑሮ ለእንደዚህ ያለው ሰው የሚመች አልነበረም። ጉቦውን፥ አድርባይነቱን፥ ሥራ ፈትነቱን ተመለከቱ። ይህንንም ትዝብታቸውን እንስሳት እየተነጋገሩ በሚጫወቱበት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» በተባለው ድርሰት ገለጡት። ድርሰቱ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ፊት ታየ። ተመልካቾቹ ራሳቸውን በአውሬዎቹ ውስጥ ስላዩ አልሳቁም፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ቴአትር ተከለከለ። በ1909 ዓ. ም. ልጅ ኢያሱ ከዙፋን በወረዱበት ነገር ተክለ ሐዋርያት ተሳታፊ ነበሩ። ከዚያም በኋላ ወደ ጅጅጋ በገዥነት ተልከው የከተማዪቱን መንገዶች በመሥመር አስለክተው አስቀየሱ። በጅጅጋ የጀመሩትን የመለካትና የመቀየስ ልማድ ወደ ጨርጨር ይዘውት መጡ።

አሁን ወደ ጨርጨር እንመለስ። የሐሳቡን ክብደት ለመረዳት ምድሪቱ ከእርሳቸው በፊት የነበረችበትን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጨርጨር የኢቱ ኦሮሞ አገር ነው። ከበዴሳ አቅራቢያ በሚገኘው በኦዳ ቡልቱም ሥር የኢቱና የሁምበና ሽማግሎች ተሰብስበው በገዳ ሥርዓት ሕግ ይደነግጉ፥ ሥልጣንም በየስምንት ዓመቱ ይዘዋወር ነበር። ስለዚህ ወደ ጨርጨር ሕግና ሥርዓት የገባው በእገሌ ዘመን ነው የሚል ሰው ቢገኝ ስሕተት ነው፤ ሕግ በዚያ ነበረ። በ1878 ዓ. ም. የኢቱ አገር በደጃዝማች ወልደ ገብርኤል ዘመቻ ተያዘ። በሚቀጥለው ዓመት፥ ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ. ም.፥ የጨለንቆ ጦርነት ሆኖ ሐረር ስትገባ፥ በመካከሉ ያለው ደጋ ሁሉ በጦር ሰፈሮች ተያዘ። ገለምሶም ከእነዚያ ሰፈሮች አንዷ ነበረች። የኦዳ ቡልቱም ጉባኤ ኃይሉ ደከመ።

የጦሩ ደመወዝ ከየት ይመጣል? መንግሥት ጥሬ ገንዘብ አልነበረውም፤ ስለዚህ ለወታደሩ በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። የገባር ነገር ምን እንደ ነበረ ለዛሬ ወጣት በአጭሩ መንገር ያስፈልጋል። ገበሬው ለመንግሥት ከእህሉ አሥራት ያወጣል። ለመልከኛው ደግሞ ማር ያገባል፥ እንጨት ይሸከማል፥ እህል ይፈጫል፥ አጥር ያጥራል፥ ቤት ይሠራል፥ ጌታው ሲዘምት ስንቅ ያደርሳል። አሥራቱ ቢያንስ ልክ አለው። ጉልበቱ ግን ልክ የለውም፤ በዝናም ጊዜ ማሳው ሲጠራው እርሱ የጌታውን አጥር ያጥራል። ስለዚህ ገበሬው የሚያጣው የሠራውን ቀን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቀን ባለመዝራቱ የሚያጣውን የዓመት እህል ጭምር ነው። መንግሥትም አያተርፍም፤ ይህ ሁሉ ጉልበትና ማር በመንገድ ላይ ተበልቶ ያልቃል እንጂ ወደ ግምጃ ቤት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ገብረ ሕይወት በመጽሐፍ የጻፉት፥ ተክለ ሐዋርያትም በዓይናቸው ያዩት ይህንኑ ነው፤ ገበሬው ብዙ ይከፍላል፥ መንግሥት ጥቂት ይቀበላል፥ በመካከሉ ያለው ግን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም።

ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን አንድ አውራጃ በአዲስ ሥርዓት ተተዳድሮ ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን አሰቡ። ለዚህም ጨርጨር ተመረጠ። ምርጫው በዘፈቀደ አልነበረም። አንደኛ፥ ሐረርጌ የአባታቸው የራስ መኰንን፥ ኋላም የራሳቸው ግዛት ስለ ነበር የሌላ መስፍን ቅሬታ አያግዳቸውም። ሁለተኛ ደግሞ፥ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ. ም. ድሬዳዋ ደርሶ፥ በ1909 ዓ. ም. አዲስ አበባ ሲገባ የጨርጨርን ደጋ ግርጌ ታክኮ አልፏል። የደጋው ቡና በበቅሎና በግመል ወደ ሚኤሶ ወርዶ በባቡር ወደ ወደብ መድረስ ይችላል። ቡናው በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ከሆነ ግብሩም በጥሬ ገንዘብ ሊከፈል ይችላል፤ ግብሩ በገንዘብ ከተከፈለ ደግሞ ለሹሙ ደመወዝ መቍረጥ ይቻላል። የጨርጨር ሐሳብ እንግዲህ በዚህ ሰንሰለት ላይ የቆመ ነበር። ከቀለበቶቹ አንዱ ቢላላ ሌላው አይጠናም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት በ1910ዎቹ አጋማሽ ይህን ሥራ ተቀብለው መጡ። አዲሲቱን ዋና ከተማ በጭሮ ሸለቆ ቈረቈሩ፤ ስሟንም አሰበ ተፈሪ አሏት። ስሙ ራሱ ሐሳቡ የማን እንደ ሆነ ይናገራል። ነገር ግን ሐሳብ ያሰበ ሌላ፥ ችካል ያስተከለ ሌላ ነው። የአስተዳደራቸው መንፈስ ጠቅለል ብሎ ሲታይ እንዲህ ነበር፤ ግብር ልክ እንዲኖረው፥ ሹም በገባር ሳይሆን በደመወዝ እንዲተዳደር፥ ገቢና ወጪ በመዝገብ እንዲጻፍ፥ የተማሩ ወጣቶች በሥራው እንዲገቡ።

መዝገብ! ለዛሬ ሰው ይህ ከሁሉ ያነሰው ነገር ይመስላል። ለዚያን ዘመን ሹም ግን ከሁሉ የከፋው ነበር። ማሩ በገንቦ ሲገባ ስንት ገንቦ እንደ ገባ የሚያውቀው ተቀባዩ ብቻ ነው። በመዝገብ ሲጻፍ ግን ሦስተኛ ሰው ያውቀዋል። የአንድ አገር ገዥ ጥላት የሚያፈራው ብዙ ጊዜ በፍርዱ ሳይሆን በሒሳቡ ነው፤ ተክለ ሐዋርያትም ወዳጅ የማብዛት ጠባይ አልነበራቸውም። ግትርና ቁጡ፥ የተሰማቸውን ሁሉ ፊት ለፊት የሚናገሩ ሰው እንደ ነበሩ የራሳቸው የሕይወት ታሪክ ጽሑፍ ይመሰክርባቸዋል። ይህ ጠባይ ለገንዘብ ያዥ ደግ ነው፤ ለፖለቲካ ሰው ግን ዕዳ ነው።

ሆኖም ስለ ጨርጨር ስንጽፍ ማመስገን ብቻ አይበቃንም። ያ አርአያ የሆነው አስተዳደር ከላይ ወደ ታች የወረደ ነበር። ስለ ግብሩ ልክ የኢቱ ገበሬ አልተጠየቀም፤ በኦዳ ሥር ሲማከር የኖረው ሕዝብ በአሰበ ተፈሪ ጽሕፈት ቤት ባለጉዳይ እንጂ መካሪ አልሆነም። የመሬቱም ባለቤትነት ጥያቄ ሳይነካ ቀረ። መሬት ሲለካ ግብሩ ልክ ያገኛል፤ ነገር ግን የሚለካው መሬት የማን ነው የሚለው ጥያቄ በቀላድ አይመለስም። ከዚህም የተነሣ የተሻሻለው ሥርዓት የገበሬውን ሸክም ቢያቀልም ገበሬውን ባለመሬት አላደረገውም። ይህን ነቀፋ የምንጽፈው ዛሬ ሆነን ስለምናይ ነው። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ከነበሩት ለውጥ ፈላጊዎች መካከል እንኳን ይህን ጥያቄ ጨክኖ ያነሣው ጥቂት ነው።

ከተክለ ሐዋርያት ቀጥሎ ጨርጨርን የያዙት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የእርሳቸውም ታሪክ ልብ ወለድ ይመስላል። በ1860 ዓ. ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ሕፃን ሳሉ እንግሊዞች ወስደዋቸው በሕንድ አድገው ሐኪም ሆኑ፤ ጐልምሰውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጨርጨርን ሲረከቡ የተማሩ ወጣቶችን ይዘው ገብተው የተጀመረውን ሥራ ቀጠሉ፤ እስከ 1927 ዓ. ም. ቆይተውም ወደ ለንደን በሚኒስትርነት ተላኩ። አንድ አነስተኛ አውራጃ በተከታታይ የመድፍ መኮንንና ሐኪም፥ ሁለቱም በባዕድ ቤት ያደጉ፥ ሁለቱም ለአገራቸው ልማድ ግማሽ እንግዳ የሆኑ ሰዎች ማግኘቷ የሚያስገርም ነው።

ተክለ ሐዋርያት ግን ወደ ላይ ተጠሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት ወር 1923 ዓ. ም. ዘውድ ከጫኑ በኋላ እርሳቸው በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በአንድ አውራጃ የሞከሩትን በአገሪቱ ሁሉ እንዲሞክሩ ዕድል ያገኙ ይመስላል። ጊዜው ግን ክፉ ነበር። በ1922 ዓ. ም. በአሜሪካ የጀመረው የንግድ ውድቀት ዓለምን ሁሉ አዳርሶ የቡናና የቆዳ ዋጋ ወርዷል፤ የጉምሩክ ገቢም ከዋጋው ጋር ይወርዳል። የመንግሥት ባንክ የሚባለው የአቢሲንያ ባንክ ከ1898 ዓ. ም. ጀምሮ በግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሥር የቆየ የውጭ ሰዎች ድርጅት ነበር። በዚሁ በ1923 ዓ. ም. መንግሥት ገዝቶት የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው። አንድ መንግሥት ገንዘብ በሚያጣበት ዓመት ባንክ መግዛቱ ድፍረት ነው፤ በባዕድ ሣጥን የተቀመጠ ገንዘብ ግን ባለቤቱን አያዝዘውም።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ በተክለ ሐዋርያት እጅ ተጻፈ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ፊት ሕጉን ሲፈርሙ፥ አንቀጾቹን ለጉባኤው ያብራሩት በጅሮንዱ ነበሩ። ሕገ መንግሥቱ 55 አንቀጾች ነበሩት። ስለ ዘውዱ ሥልጣን የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ሕዝቡ መብት የተጻፈው ጥቂትና በሕግ የተገደበ ነው፤ የሁለቱም ምክር ቤቶች አባሎች ሕዝብ በቀጥታ የመረጣቸው አልነበሩም። መሳፍንቱም በበኩላቸው የዘር ርስታቸው በሕጉ እንዲጸናላቸው ፈልገው ተከራክረዋል። ስለዚህ ሁሉ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኛ ግን አንባቢ የመጨረሻውን አንቀጽ እንዲመለከት እንወዳለን። አምሳ አምስተኛው አንቀጽ የሚናገረው ስለ በጀት ነው። የመንግሥት ገቢ ለየሚኒስቴሩ በየዓመቱ በተወሰነው በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ፥ በጀቱም የገንዘብ ሚኒስትሩ ባቀረበው መነሻ በምክር ቤቶቹ ተመክሮበት በንጉሠ ነገሥቱ እንዲጸድቅ ያዛል። የጨርጨር መዝገብ እነሆ በአገሪቱ ሕግ መጨረሻ ላይ ተቀመጠ።

በሥራ ላይስ ዋለ? ይህን ስንመልስ ማዘናችን አይቀርም። የየጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ገቢውን በራሱ እጅ ይዞ በፈለገው መጠን ሲልክ፥ የገንዘብ ሚኒስትሩ የማያውቀውን ገቢ እንዴት አድርጎ በበጀት ይደለድላል? የንጉሡ ሣጥንና የመንግሥቱ ሣጥንም በተግባር አልተለያዩም። ገብረ ሕይወት ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት የመከሩት ምክር በሕግ ተጻፈ እንጂ በቍልፍ አልተዘጋም። ተክለ ሐዋርያትም በሚኒስትርነቱ ብዙ አልቆዩም፤ ወደ ኤውሮፓ ተልከው በፓሪስ የኢትዮጵያ ሚኒስትር፥ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር የአገራቸው መልእክተኛ ሆኑ።

የጄኔቩ ጊዜ በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ እንለፈው። ኢትዮጵያ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ. ም. የማኅበሩ አባል ሆና ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ. ም. በወልወል ግጭት ከተነሣ በኋላ ተክለ ሐዋርያት የአገራቸውን አቤቱታ በማኅበሩ ፊት አቆሙ። በጠበቃነት ከጐናቸው የቆሙት የፓሪሱ የሕግ ፕሮፌሰር ጋስቶን ዤዝ ነበሩ። ዤዝ የታወቁት ከሁሉ በላይ በመንግሥት ገንዘብ አስተዳደር ሊቅነታቸው ነው፤ ስለዚህ በዚያ አዳራሽ የኢትዮጵያን ነገር የተናገሩት ሁለቱም ሰዎች የበጀት ሰዎች ነበሩ ማለት ይቻላል። ለኢትዮጵያ በመከራከራቸው የፓሪስ የቀኝ ወገን ተማሮች በዤዝ ላይ አድመው ትምህርታቸውን እስከ ማቋረጥ አድርሰዋቸዋል። በጄኔቭ ግን ሒሳቡ በሌላ ሚዛን ይመዘን ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመለሱ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ያ ባቡር ከጨርጨር ደጋ ግርጌ በሚኤሶ በኩል አለፈ፤ ቡናን ወደ ወደብ ያወርዳል የተባለው ሐዲድ በዚያ ቀን ያወረደው የአገሪቱን መንግሥት ነበር። ተክለ ሐዋርያት ንጉሡ ከአገር መውጣታቸውን አጥብቀው የተቃወሙ ሰው ናቸው፤ በሕይወት ታሪካቸውም ይህን ነቀፋ ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። የነቀፋው መራርነት በንጉሡ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሳቸው ዕድልም ላይ ይመስለናል፤ እርሳቸውም ሳይወዱ በስደት ወጥተዋልና። በመጨረሻም ወደ ማዳጋስካር ደሴት ተሻግረው እጅግ ብዙ ዓመታት በእርሻ ሥራ ኖሩ። አገሪቱ በ1933 ዓ. ም. ነጻ ስትወጣም ወዲያው አልተመለሱም።

በእርሳቸው ስደት ዘመን ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድ ጽፈው በ1941 ዓ. ም. አሳተሙ። የመጽሐፉ ባለታሪክ በውጭ አገር ተምሮ ወደ አገሩ ተመልሶ የሚንከራተት ወጣት ነው፤ ደራሲው የአባታቸውን ዕድል አላሰቡትም ለማለት ያስቸግራል።

ከስደት ከተመለሱ በኋላ ተክለ ሐዋርያት ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አላደረጉም። ወደዚያው ወደ ቀድሞ አውራጃቸው ወደ ጨርጨር መጥተው ከአሰበ ተፈሪ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በሂርና ገበሬ ሆኑ። አውራጃው በዚያን ዘመን ጨርጨር፥ አዳልና ጋራ ጉራቻ ተብሎ፥ አሰበ ተፈሪም ዋና ከተማው ሆና ነበር። የቈረቈሯት ከተማ አድጋለች፤ ሌላ ገዥ ተቀምጦባታል። ምሳሌ የሚሆን አውራጃ የሚለው ቃል ግን ከጽሕፈት ቤት ወረቀት ላይ ጠፍቷል። ጭሰኛውም እህሉን ለባለመሬቱ ማካፈሉን አላቋረጠም።

ከዚያም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የሚያዝዘው አዋጅ ወጣ። ተክለ ሐዋርያት በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ዘጠና ዓመት ደርሶ በሕይወት ነበሩ። ሚኒሊክን ያዩ፥ ሁለት ሕገ መንግሥት ሲጻፍና ሁለቱም ሲሻሩ የተመለከቱ ሽማግሌ፥ በቀላድ ያልተመለሰው ጥያቄ በአንድ ቀን አዋጅ ሲመለስ ሰሙ። እንዴት እንደ ተመለሰና ገበሬውን ምን ያህል እንደ ጠቀመው የሌላ ጽሑፍ ጉዳይ ነው። በ1969 ዓ. ም. ተክለ ሐዋርያት ዐረፉ።

በሂርና ሳሉ የጻፉት የሕይወታቸው ታሪክ «ኦቶባዮግራፊ» በሚል ስም በ1998 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታተመ። ከሞቱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ የገብረ ሕይወት መጽሐፍ አምስት ዓመት ብቻ ነው የዘገየው። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ተክለ ሐዋርያትን በሁሉ ነገር አይከተላቸውም፤ ለራሳቸው የሚያደሉበት፥ በሌላው የሚከብዱበት ቦታ አለ። እኛም ስናነበው ብዙ ጊዜ ተከራክረናቸዋል።

ከተማዪቱ የቀድሞ ስሟን ጭሮን መልሳ ይዛለች። የኦዳ ቡልቱም ስም ዛሬ በጭሮ ለሚገኘው ዩኒቨርሲቲ መጠሪያ ሆኗል። አሮጌው የፈረንሳዮች ሐዲድ በዚህ መሥመር ሥራውን አቁሞ፥ በ2009 ዓ. ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሚኤሶ ያልፋል። ከደጋው ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ በየማለዳው ጫት የጫኑ መኪናዎች ይሽቀዳደማሉ፤ ከሾፌሮቹ አጠገብ በተቀመጠው ደብተር ላይም የየጭነቱ ልክና የተከፈለበት ቀረጥ በእስክሪብቶ ተጽፎ ይታያል።